የኔስቶር ተራ

«ባልሽ ገና አልመጣም» አላት ሰውየው፣ በሁለት እጁ የተማሪ ወንበሮች እንዳንጠለጠለ።

ሮዌና በሩ ላይ ቆመች። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለችውን ክፍል ሰው መጠየቅ አፍራ፣ ግቢውን ስትዞረው ነበር የቆየችው።

«ባል የለኝም።»

«እንግዲያው ወንድምሽ ይሆናል። አይዞሽ፣ ሲመጣ አንደበድበውም። ግቢና ጠብቂው።»

«ማንንም ፍለጋ አልመጣሁም» አለች። ድምፅዋ ለራሷም አልተሰማትም። «እኔው ነኝ።»

ሰውየው ወንበሮቹን አስቀመጠና አንገቱን ደፋ። በፊሊፒንሷ ከተማ በኢሎይሎ፣ ሐሙስ ከሰዓት ወደዚያች በር የሚመጡ ሴቶች ባሎቻቸውን የሚሸኙ ብቻ ነበሩ።

«ኔስቶር እባላለሁ» አለ በመጨረሻ። «የጀልባ ሞተር እጠግናለሁ። ጠጪም ነኝ። አንዳንዱ ሞተር ይሻለዋል፤ እኔ ግን ገና ነኝ።»

ሮዌና ሳታስበው ሳቀች።

መጠጥ ማቆም የሚፈልጉ ሰዎች የሚገናኙበትን የሐሙሱን ስብሰባ የሚመሩት ጡረታ የወጡ ነርስ ነበሩ፤ ሁሉም እንደ ታላቅ እህት «ማናንግ ፑራ» ይሏቸዋል። እያንዳንዱ ሰው ስሙን ይናገራል፣ ጠጪ መሆኑን ይናገራል፣ ያቃተውን ይናገራል። ማንም አያቋርጠውም። ሮዌና በመጀመሪያው ሐሙስ ስሟን ብቻ ተናገረች። መድኃኒት ቤት እንደምትሠራ፣ በውኃ ጠርሙስ ጂን ይዛ እየገባች ከመደርደሪያው ጀርባ እንደምትጠጣ የተናገረችው ብዙ ቆይታ ነው። ያን ቀን ኔስቶር መሬት መሬቱን ሲያይ ቆየ፤ እንዳታፍር ብሎ መሆኑ ገባት።

ከስብሰባው በኋላ ገበያው ውስጥ ባቾይ ሾርባ መብላት ልማድ ሆነ። እሱ ከሳህኑ ጉበቱን እየለቀመ ወደ እሷ ያሻግራል።

«አንቺ ብቻሽን ነው ስትጠጪ የኖርሽው» አላት አንድ ቀን። «እኔ ብቻዬን ጠብታ ቀምሼ አላውቅም። እኔን የሚገድለኝ ዙሩ ነው። አንድ መለኪያ፣ አንድ ቀጂ፣ ሁላችንም ተራ በተራ። እምቢ ስላቸው ‹ጠላኸን እንዴ?› ይሉኛል።»

«ታዲያ ምን ትላቸዋለህ?»

«ሥራ አለብኝ እላለሁ። ከተማው ውስጥ እንደ እኔ ሥራ የበዛበት ሰው የለም።»

ሳቁ። ሾርባው አለቀ፤ ሁለቱም ግን አልተነሱም። ሮዌና ቀኑ እንዳይመሽ ፈልጋ ነበር።

ማናንግ ፑራ ግን ነገሩን አይተው አላለፉትም። «ልጄ፣ መጀመሪያ በየእግራችሁ ቁሙ። እሱ የትም አይሄድም።»

«እሺ ማናንግ» አለች። ከአፏ ያለፈ እሺታ አልነበረም።

ዝናቡ ሲጀምር የኔስቶር አባት አረፉ። አስከሬናቸው ሳሎኑ ውስጥ ተኝቶ፣ ጎረቤቱ እንደ አገሩ የለቅሶ ልማድ ግቢው ውስጥ በሸራ ሥር ካርታ ይጫወታል። ከምሳ በኋላ ሮዌና ስትደርስ ዙሩ ተጀምሯል፤ የሚቀዱት የኔስቶር አጎት ነበሩ። ለሟቹ መሬት ላይ ጠብ አደረጉና መለኪያውን ሞልተው ወደ ኔስቶር ዘረጉ።

«እንካ ልጄ። ይሄ የአባትህ ነው።»

«ይቅርብኝ አጎቴ።»

«ለአባቱም ሥራ በዛበት!» አለ አንዱ። ጥቂቶች ሳቁ። አጎትየው አልሳቁም፤ እጃቸውንም አልሰበሰቡም።

ኔስቶር ወደ ሳሎኑ አየ። ከዚያ ወደ መለኪያው። እጁ ከጉልበቱ ላይ ሲነሳ ሮዌና አየችው።

በዚያ አገር ዙር ላይ አንድ ነገር ይፈቀዳል። ተራውን መጠጣት ላልቻለ ሰው፣ ሌላ ሰው ሊጠጣለት ይችላል፤ ማንም አይቀየምም። ሮዌና ይህን ከልጅነቷ ታውቃለች። ከዚያ ውጭ ምንም አላሰበችም።

«የእሱን ተራ እኔ እወስዳለሁ» አለችና ከአጎትየው እጅ ተቀብላ ጨለጠችው።

ግቢው በጭብጨባ ደመቀ።

«ቶሎ አግባት፣ አንተ! ጉበትህን ታተርፍልሃለች!»

ኔስቶር አላጨበጨበም። «ሮዌና» አለ ቀስ ብሎ። «ምን አደረግሽ?»

«አንድ ናት። ምንም አልሆንም።»

መለኪያው ሁሉንም አዳርሶ ተመልሶ መጣ። ኔስቶር ተነስቶ «ሁለታችንም አንጠጣም» አለ፣ ሁሉም እንዲሰማው አድርጎ። አጎቱ ፊታቸውን አዞሩ። ሮዌና ግን እጇን ዘርግታ ነበር። አሁን የዘረጋችው ለእሱ ብላ እንዳልነበረ ሁለቱም አወቁ።

ከቀብሩ በኋላ፣ ሐሙስ ቀን፣ ኔስቶር ቤቷ መጥቶ አንኳኳ።

«እንሂድ። ማናንግ ፑራ ይጠብቁሻል።»

«አንተ ሂድ።»

«ክፈቺልኝ።»

«አፌ ይሸታል።»

ግንባሩን በሩ ላይ ሲያስደግፍ ሰማችው። «በእኔ ነው። እኔ ብጠጣው ይሻል ነበር።»

«እንዲህ አትበል። እንዲህ ካልክ በከንቱ ጠጣሁት ማለት ነው።»

«እዚሁ እጠብቅሻለሁ።»

«እዚህ ከቆምክ ስብሰባው ያመልጥሃል። በእኔ ሰበብ ቀርተህ ብትጠጣ እኔ ምን ልሆን? ሂድ፣ ኔስቶር። እባክህ።»

ብዙ ቆመ። እሷም ከውስጥ፣ መዳፏን በሩ ላይ ለጥፋ፣ አብራው ቆመች። በኋላ ኮቴው ራቀ።

ኔስቶር ስብሰባው ገባ፤ ከዚያም በኋላ መጠጥ አልቀመሰም። ሮዌና ባሕሩን ተሻግራ ባኮሎድ ከተማ እናቷ ዘንድ ሄደች፤ እዚያም ረጅም ጊዜ ከጠጣች በኋላ የሴቶች ስብሰባ አገኘችና ገባች። ሁለቱ ዳግመኛ አልተገናኙም።