የአውራ ዶሮው እግር

መምህር መሐሪ በመካነ ኢየሱስ ከተማ፣ በሚያስተምርበት የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ፣ ኪቦርዱ ላይ እንደ ተደፋ ሞቶ ተገኘ። ከኋላው ማጅራቱን በስታቢላይዘር፣ በከባዱ የመብራት ኃይል ማስተካከያ፣ ተመቷል። ተማሪዎቹ ሦስት ናቸው። አንዱ፣ ክንዱ፣ «እኔ ቀድሜ ወጣሁ፤ ከመምህሩ ጋር የቀረው ዲያቆን ቀለመ ወርቅ ነው» ብሎ ስለ መሰከረ ዲያቆኑ ታሰረ። ሦስተኛዋ ተማሪ፣ የዲያቆኑ እኅት ዮርዳኖስ፣ ከወንድሟ ጋር አብረው እንደ ወጡ ብትምልም የእኅት ቃል ማን ይሰማል? ነገ ረፋድ ላይ ወደ ደብረ ታቦር ሊወስዱት ነው።

መርማሪዋ ኢንስፔክተር አሰለፈች ግን ውሸትና ስንቅ እያደር እንደሚቀል ታውቃለች። ውሸቱ እስኪቀል የቀራት አንድ ሌሊት ብቻ መሆኑ አናደዳት። ዮርዳኖስን አስጠራቻት።

«ያን ቀን ምን ተማራችሁ?»

«ስለ ክላስ ነዋ፤ ፕሮግራም ሲጻፍ ሌላው ኮድ የሚወርሰው አብነት ማለት ነው። መምህራችን ‹ዶሮ› የሚባል ወላጅ ክላስ ጻፉ። እኛ ከሱ የሚወርሱ ልጆች ሠራን፤ እኔ ጫጩት፣ ወንድሜ ቄብ፣ ክንዱ አውራ ዶሮ። እኛ የምንጽፈው ስምና ቀለም ነው፤ እግሩን ከወላጁ፣ ከመምህራችን ፋይል፣ ይወስዳል፤ እሱ ሲታረም የኛም ይታረማል።»

«ከዚያስ?»

«መምህራችን ተሳስተው እግሩን አራት ብለውት ኖሮ፣ የሁላችንም ዶሮ ባለ አራት እግር ሆነ! በሳቅ ፈረስን። ‹ስትወጡ አርመዋለሁ› አሉ።»

«ቤት ኮምፒውተር አላችሁ?»

«ከየት መጥቶ! ስክሪኑን በስልክ ፎቶ አንስተን ነው የምናጠና።»

አሰለፈች የሦስቱንም ስልክ ሰበሰበች። የክንዱ ስልክ ባትሪው በለቀቀ ቁጥር ሰዓቱ ስለሚዛባ ፎቶው መቼ እንደ ተነሣ አይናገርም። እሷ ግን ሰዓት አላስፈለጋትም።

በማግስቱ ጧት ሁሉንም እዚያው ክፍል አስቀመጠቻቸው፤ ዲያቆኑ በካቴና ነው።

«የጫጩቷ ፎቶ አራት እግር ይላል። የቄቧም አራት። ክንዱ፣ ያንተ አውራ ዶሮ ለምን ሁለት ሆነ?»

«ዶሮ ሁለት አይደል እንዴ? ራሴ አስተካከልኩት።»

«ኮድህን አይቻለሁ። ስለ እግር አንዲት መስመር የለበትም። ሁለቱ የመጣው ከመምህሩ ፋይል ነው። እሱ ያረመው ደግሞ ተማሪ ከወጣ በኋላ ነው። ቀድሞ የወጣ ሰው ይህን ፎቶ ከየት አመጣው? እስኪያርም አጠገቡ ቆመህ ጠበቅህ፤ ፎቶህን አነሣህ፤ ከዚያ መታኸው።»

ክንዱ ጥርሱን ነከሰ።

«ደግ አደረግሁ! መምህር ተብዬው በሐሰት መስክሮ ወንድሜን አሳሰረው፤ እዚያው እስር ቤት ሞተ። ስድስት ዓመት በሆዴ ይዤው ኖርኩ። እዚህ ትምህርት የተመዘገብኩትም ለዚሁ ብዬ ነው። የወንድሜን ደም መለስኩ፤ አይቆጨኝም!»

ዮርዳኖስ ከወንበሯ ተነሣች።

«አንተስ የኔን ወንድም በሐሰት መስክረህ አላሳሰርክም? እሱም እዚያው ቢሞት ኖሮ?»

ክንዱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት።

«ትገድይኝ ነበር» አላት።

ዮርዳኖስ አልካደችም።