ሂድ ያልኩት እኔ ነኝ

ቶብደን እኛ ቤት የገባው ተራ ደርሶን እንጂ ማንም መርጦት አይደለም። እኛ መንደር መንገደኛ ሲመጣ ቤቶቹ በየተራ ያሳድሩታል። የዚያን ቀን እንደ ታላቅ እህት አቼ የምላት ጎረቤታችን ላዞም ዘንድ አድሮ ቢሆን ኖሮ እኔ ዛሬ የማወራው አይኖረኝም ነበር።

የመጣው ገብሱ ተወቅቶ ከገባ በኋላ ነው። በዚያ ወቅት ጤነኛ ሰው ወደዚህ ተራራ አይወጣም። አቧራ ለብሶ፣ ከንፈሩ በብርድ ተሰነጣጥቆ በራችን ላይ ቆመና «ማደሪያ አገኝ ይሆን?» አለኝ። እኔ ኩበት ተሸክሜ ጀርባዬ ሊቆረጥ ደርሷል።

«ይሄን ካወረድክልኝ ታገኛለህ» አልኩት።

አወረደልኝ። ግማሹን መሬት ላይ በተነው፤ እኔም አፌ እንዳመጣልኝ ሰደብኩት። እሱ ቁጭ ብሎ እየለቀመ ይስቃል።

አገሩ ሲኪም ነው፣ ከተራሮቹ ሌላኛው ጫፍ። ጸሎታችን አንድ ነው፣ ቋንቋችን ግን ለየብቻ። የምናወራው ትምህርት ቤት በተማርናት ሂንዲ ነበር። የኔም የሱም ስላልሆነች ይመስለኛል ያልተፋፈርነው።

ቤታችን ውስጥ እኔና አባቴ ብቻ ነበርን። እናቴ በልጅነቴ ሞታለች፤ ወንድም የለኝም፣ እህት የለኝም። እንዲህ ያለውን ቤት ሴት ልጅ ትወርሳለች፤ እሷ አትወጣም፣ ባሏ ነው የሚገባው። ያን ባል ማግፓ ይሉታል፣ ድግስ ላይም መሳቂያ ያደርጉታል። ታዲያ ማን ኩሩ ወንድ ይመጣል? ሠላሳ ልሞላ ነው፣ ማንም አልመጣም። በበረዶው ወራት የማወራው ከአባቴና ከላሞቹ ጋር ነበር። አባቴ ጆሮው ስለደከመ ላሞቹ ይሻሉኝ ነበር።

በነጋታው ጉንጬን ይዤ ሻይ ስቀዳ አየኝ።

«አፍሽን ክፈቺ።»

«ለምንድን ነው የምከፍተው?»

«ጥርስ ሐኪም ነኝ።»

«ለማላውቀው ሰው አፌን አልከፍትም።»

«ትናንት ስትሰድቢኝ እኮ ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር!»

ብዙ የማይሰማው አባቴ ይቺን ሰምቶ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ምን ላድርግ፣ ከፈትኩለት። ፊቱ ፊቴ አጠገብ ሆኖ ጥርሴን ሲያይ እኔ የማየው አጥቼ ዓይኑን አየሁ። እሱም ጥርሴን ትቶ አየኝ። ከዚያ ሁለታችንም ጣራውን ማየት ጀመርን።

ወሬው ሲሰማ ጉድ ፈላ! ጥርስ ያለውም የሌለውም ደጃችን ተሰለፈ። ሁላችን ሜሜ፣ አያት፣ የምንላቸው የመንደሩ ሹም ፑንቾክ ሳይቀሩ መጥተው ድዳቸውን አሳዩት።

«ሜሜ፣ እርስዎ እኮ አንድም ጥርስ የለዎትም።»

«የነበረበትን እይልኝ፣ ልጄ።»

ለአንድ አዳር የመጣ ሰው ሰነበተ። ጠዋት ጥርስ ይነቅላል፣ ከሰዓት ከኔ ጋር ገለባ ያስገባል፤ ማታ አባቴ ሱፍ ሲፈትል አጠገቡ ይቀመጣል። ቤታችን ውስጥ ሳቅ ሲሰማ እኔው ራሴ ዞር ብዬ ማን ነው እል ነበር።

አንድ ቀን ከመንደሩ በላይ ካለው ገዳም ስንወርድ፣ ምን አስለቅቆህ ነው በዚህ ብርድ የምትዞረው ብዬ ጠየቅሁት።

«እናቴ የልብ ቀዶ ጥገና ቀጠሮ አላት። ከኔ በቀር ማንም የላትም፤ አንተ ሳትኖር አልተኛም ብላለች። ቀኑን እየቆጠርኩ እቤት መቀመጥ ስላቃተኝ ነው መንገድ የወጣሁት። ከሦስት ቀን በኋላ መውረድ አለብኝ።»

«ትደርሳለህ።»

«ያንግዶል… አብረሽኝ ብትሄጂስ?»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልቤ ከኔ ቀድማ ቁልቁል ሮጠች። ግን አባቴስ? የምድጃው እሳትስ? ቤት ሰው አልባ ሲሆን እኛ ዘንድ ሞተ ነው የሚባለው።

«አልችልም» አልኩት።

«እኔም እኮ እንደማትችዪ አውቃለሁ» አለ። እስከ ቤት ድረስ እግሩን እየጎተተ ተከተለኝ።

በማግስቱ ያኮቹ፣ ጸጉራሞቹ የተራራ ከብቶቻችን፣ ማንም ሳይነዳቸው ከላይ ወርደው በረት በር ላይ ቆሙ። ቁራዎቹም ጣራ ለጣራ መዝለል ጀመሩ። ይህን አይቶ የማይገባው እንግዳ ብቻ ነው፤ በረዶ ደርሷል፣ ተራራውን የምንሻገርበት ማለፊያ ሊዘጋ ነው። ከተዘጋ ደግሞ እስከ ጸደይ መግባትም መውጣትም የለም።

መንደሩ በሙሉ ያውቃል፣ መንደሩም በሙሉ ዝም አለ። ሜሜ ፑንቾክ የሚስታቸውን ደህና ጥርስ ሰበብ አድርገው መጥተው «ከነገ ወዲያ ታይላታለህ፤ ዛሬ ጸሎት ላይ ናት» አሉት። እኔ ምንጭ ስወርድ አቼ ላዞም ክንዴን ያዘችኝ።

«አንቺ ሴትዮ፣ አፍሽን ዝጊ። ሴት ልጅ ካለችበት ቤት በረዶ የዘጋበት ወንድ እንግዳ አይባልም፤ የቤቱ ነው። ወጋችን ነው፣ ማንም አይጠይቅሽም።»

«እናቱ ታማለች እኮ፣ አቼ።»

«የሱ እናት ሐኪም አላት። አንቺ ማን አለሽ?»

ማንም የለኝም። ውሃዬን ይዤ ተመለስኩ፣ ዝምም አልኩ። ቶብደን ገለባውን እያስገባ «ሰማዩ እንዴት ያምራል ዛሬ!» ሲለኝ፣ «አዎ፣ ያምራል» አልኩት።

ማምሻውን እሱ ላሞቹ ጋ ሲወርድ አባቴ እንዝርቱን እያሾረ ጠራኝ።

«አየሽ፣ ተራራው ነገሩን ይጨርስልናል። አንቺ ብቻ አትናገሪ። እኔ ነገ የለሁም፤ ብቻሽን ከምትቀሪ…»

«አባ» አልኩት ጆሮው ላይ፣ «እማ ስትሞት የት ነበርክ?»

እንዝርቱ ቆመ። ከማለፊያው ወዲያ ለሰው ዕቃ ሊሸከም ሄዶ በረዶ ዘግቶበት ነበር። ሲመለስ እሷ አመድ ሆናለች፣ እኔም የጎረቤት ልጅ ሆኜ ሳላውቀው ሸሸሁት። ይህን በቤታችን ተነጋግረንበት አናውቅም። ክሩን መጠቅለል ጀመረ።

«በሶ ቋጥሪለት» አለኝ። «ጫማውንም እሳት ዳር አድርጊለት።»

ጎህ ሲቀድ ቀሰቀስኩት።

«ተነስ፣ ሂድ።»

«ዛሬ? ገና እኮ ነው! የሜሜ ሚስት ጥርስ…»

«የሷ ጥርስ የትም አይሄድም። አንተ ሂድ።»

በረዶው ሊዘጋብህ ነው ብዬ ብነግረው ምን ነበረበት ትሉ ይሆናል። ብነግረው ዓይኔን ያይና ይቀር ነበር። መቅረት መፈለጉን ከገዳሙ ስንወርድ አይቼበታለሁ። እናቱ ብቻዋን ብትሞትስ? ዕድሜ ልኩን እኔን ባየ ቁጥር እሷን ሊያይ ነው።

«ምን አጠፋሁ?» አለኝ።

«ሰለቸኸን። እንግዳ ፊት ወርቅ ነው፣ ኋላ ጨርቅ። አታውቅም?»

ፊቱ እንዴት እንደሆነ መናገር አልፈልግም። በሶውን ተቀበለኝ፣ አባቴን ተሰናበተ፣ እኔን ሳይሰናበት ወጣ። ጣራ ላይ ሆኜ አንዲት ነጥብ እስኪሆን አየሁት። አንድ ጊዜ እንኳ ዞር አላለም። ቀትር ላይ ሰማዩ ጠቆረ፣ አመሻሽ ላይ በረዶው መጣ። ማለፊያውን ተሻግሮ ይሁን ወይም እላዩ ላይ ቀርቶ ይሁን የሚነግረኝ አልነበረም። ስልክ እኛ ጋ አይሠራም።

መንደሩ ተቀየመኝ። አቼ ላዞም ጥርሷን ባመማት ቁጥር በግድግዳው ወዲያ ሆና ስሜን እየጠራች ትራገማለች።

በበረዶው መሃል አባቴ ታመመ። አልቆየም። የመጨረሻ ቀን ዓይኑን ከፍቶ ሲያየኝ «እናትሽ እንዲህ የሚያያት አልነበራትም» አለኝ። ስለሷ ሲያነሳ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። መነኮሳቱ ወርደው አነበቡለት፣ ጎረቤት ተሸክሞ አቃጠለው፤ ሁሉም ወደየቤቱ ገባ። እኔም ገባሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ምን ብዬ ላውራው? ጠዋት በሶ ለሁለት አቦካለሁ፣ ከዚያ ትዝ ይለኛል። አንዳንድ ቀን የራሴን ድምፅ ለመስማት ብዬ ብቻ ላሞቹን እሰድባለሁ። ማታ ማታ ቶብደንን ማለፊያው ላይ አየዋለሁ፤ ተቀምጦ፣ ጭኑ ላይ በሶው ሳይፈታ። ሂድ ያልኩት እኔ ነኝ እላለሁ። ግድግዳው አይመልስልኝም። ሆድ ሲብስ እንዲህ ነው ለካ፣ እንባም ይሸሻል።

ማለፊያው የተከፈተ ሰሞን አንዲት አሮጊት በፈረስ መጣች። ቀጭን ናት፣ በሸማ ላይ ሸማ ተጠቅልላለች፤ ሁለት እርምጃ ሄዳ ትተነፍሳለች። ደጄ ላይ ቆማ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝና በሂንዲ ጠየቀችኝ።

«ያንግዶል አንቺ ነሽ? ልጄን ሂድ ያልሽው?»

አልደረሰም ልትለኝ መስሎኝ ነበር።

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«ወንድ ልጅ ሞኝ ነው!» አለች። «ከመጣ ጀምሮ አባረረችኝ እያለ አኩርፎብኝ ከረመ። ቀዶ ጥገናዬን ጨርሼ ነፍስ ስዘራ፣ መቼ ነው ያባረረችህ አልኩት። በወጣሁ ዕለት ማታ ማለፊያው ተዘጋ አለኝ። ተዘጋ? አልኩ። ላንተ የማታስብ ሴት ብትሆን ጥርሷን እያስነቀለች ዝም ብላ ታስቀርህ አልነበረም እንዴ? በረዶውን እያወቀች የላከችው እኔ ዘንድ እንዲደርስ ነው አልኩት። አላመነኝም። ስለዚህ በዓይኔ ላይሽ መጣሁ።»

አሮጊቷ መድረኩ ላይ ቁጭ አለችና ትንፋሿን ሰበሰበች።

«እሱስ?» አልኩ።

«ከታች ወንዙ ጋ ፈረስ ይዞ ቆሟል። ደግማ ሂድ ካለችኝ አልችለውም ብሎ ፈርቶ።»

«እማማ፣ እኔ እኮ ከዚህ ቤት መውጣት…»

«ማን ውጪ አለሽ? ሴት ልወስድ አልመጣሁም፣ ወንድ ልሰጥ ነው የመጣሁት። እኔንም መርቄ ጨምሬልሻለሁ፤ ሻይሽ ደህና ከሆነ።»

ወረድኩ። ስንት ወር ሙሉ የምነግረውን ሳሰናዳ ከርሜ ነበር፤ ለምን እንደዋሸሁት፣ ጣራ ላይ ምን ያህል እንደቆየሁ። ወንዙ ዳር ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆሟል፣ ከስቷል። ኮቴዬን ሰምቶ ዞረ። አየኝ፣ አየሁት። ያሰናዳሁት ሁሉ ጠፋብኝ።

«አባ ሞተ» አልኩት።

«መቼ?»

«በበረዶው መሃል።»

ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ከዚያ ወዲህ ብቻሽን ነበርሽ?» አለኝ።

ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። በአባቴ ሬሳ ላይ ያልመጣው፣ በዚያ ሁሉ ጨለማ የሸሸኝ እንባ ያን ጊዜ መጣ፤ እንደ ሕፃን ጮኼ አለቀስኩ። ልጓሙን ለቆ ያዘኝ። ፈረሱ የሜሜ ፑንቾክን አዲስ የተዘራ ማሳ እየረገጠ ሄደ፤ ሰው ሁሉ ጣራ ላይ ወጥቶ ያየናል፣ ግን አንድም የጮኸ አልነበረም።