ስሜነህ የጠበቀው መዝገብ

የኮምፒውተር ሠራተኛው ስሜነህ ሞቶ የተገኘው መተማ ዮሐንስ ውስጥ ባለ አንድ የግል ክሊኒክ ጓሮ፣ ዋናው ኮምፒውተር በሚቀመጥባት ጠባብ ክፍል ነበር። መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን የሚያሠራው ከባድ ባትሪ ከመደርደሪያው ወርዶ ራስጌው ተጋድሟል። ሁሉም «አደጋ ነው» ብለዋል። ኢንስፔክተር ሰርካለም ግን ጎንበስ ብላ የባትሪውን ገመድ አየች።

«ይህን ማን ፈታው?»

«በራሱ ወድቆ ነዋ!» አሉ ሬሳውን አመሻሽ ላይ ያገኙት የመድኃኒት ክፍሉ ኃላፊ ሙኽታር።

«ወድቆ ቢሆን ገመዱ ይበጠስ ነበር። ይሄ በመፍቻ ነው የተፈታ። ስሜነህ ፈትቶት ከሆነ ደግሞ መፍቻው የት ሄደ?»

ሙኽታር ወለሉን ዞረው አዩ። ክፍሉ ውስጥ መፍቻ አልነበረም።

ሐኪሙ ሰውዬው የሞተው እኩለ ቀን ገደማ ነው አለ። ሌላው ሠራተኛ ለምሳ ሲወጣ ግቢው ውስጥ የቀሩት ሙኽታር፣ የላቦራቶሪው ኃላፊ ሰጠኝና በእሱ ሥር የምትሠራው ሔለን ብቻ ነበሩ።

በማግስቱ ጠዋት ሰርካለም ሰጠኝን ለሦስት ሰዓት ቀጠረችው። አንድ ሰዓት ሙሉ ዘግይቶ ደረሰ።

«ሦስት ሰዓት ብዬዎት ነበር» አለችው።

«ሦስት ሰዓት እኮ ነው!» ብሎ ስልኩን አወጣ፤ ከዚያ የግድግዳውን ሰዓት አየና ሳቅ አለ። «ይቅርታ፣ ይሄ ስልክ ሰሞኑን የጋላባትን ኔትወርክ እየጎተተ ሱዳን ያውለኛል።»

መተማ ላይ ይህ ብርቅ አይደለም፤ ድንበር ማዶ ያለው የሱዳን ሰዓት በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ሰጠኝ ካመጣው ፋይል ውስጥ አንድ የታተመ ገጽ አውጥቶ አቀበላት።

«የኮምፒውተሩ የመግቢያ መዝገብ ነው። ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ሁሉንም ይይዛል። ትናንት እኩለ ቀን ላይ ከማሽኑ ክፍል ሆኖ የገባው ስም አንድ ብቻ ነው።»

ገጹ ‹ሔለን› ይላል።

«ለምን ትገድለዋለች?»

«ደረበ የሚባል ለሰሊጥ አረም የመጣ ጎጃሜ ነበር። ካላዛር ይዞት ሳለ በእሷ ስም ‹ነጻ› የሚል ውጤት ገባ፤ ልጁ ሳይታከም ሞተ። ስሜነህ ነገሩን እየቆፈረ ነበር።»

ሔለን ስትጠራ ዓይኗ አብጦ ነበር።

«ያንን ውጤት እኔ አላስገባሁም፤ ሽንፋ ከተማ ለቅሶ ሄጄ ነበር» አለች። «በዋዜማው ሥራ ላይ ሳለሁ መብራት ድርግም አለና የእኔ ስክሪን ጠፋ። እንዲህ ሲሆን ማሽኑ መውጣቴን አይጽፍም፤ መዝገቡ ላይ ገና ውስጥ ያለሁ ሆኜ ቀረሁ። ስሜነህ ‹አይዞሽ፣ አስተካክለዋለሁ› ብሎኝ ነበር።»

«የይለፍ ቃልሽንስ ማን ያውቃል?»

«ማን የማያውቀው አለ? ስክሪኑ ላይ ለጥፌው ነበር።»

«ትናንት እኩለ ቀን የት ነበርሽ?»

«አንድ የሚቃዥ በሽተኛ ዘንድ። ምስክር የለኝም። ትንሽ ቆይቶ መብራት ጠፋ፤ በሽተኛውን ይዘን በአምቡላንስ ወደ ገንዳ ውሃ ከተማ ወጣን። የተመለስነው ሲመሽ ነው።»

ሙኽታር ይህንኑ አጸኑ። «መብራቱ የመጣ አምቡላንሱ ከሄደ ወዲያ ነው፤ የመድኃኒቱ ፍሪጅ ሲነሳ አልሐምዱሊላህ ብያለሁ።»

ሰርካለም ከፖሊስነቷ በፊት ጎንደር ውስጥ እንደዚህኛው ዩኒክስ በሚባል የኮምፒውተር ሥርዓት የሚሠራ ማሽን ትጠብቅ ነበር። ሙቀቱ ላቧን እያንጠፈጠፈው ከማሽኑ ፊት ተቀመጠች። የስክሪኑን ሰዓት አየች፣ የእጇን ሰዓት አየች፣ እንደገና ስክሪኑን። ከዚያ ሁሉም ይሰብሰቡ አለች፤ የሟቹን የደረበን ወንድም አዛናውንም አስጠራችው። አዛናው ክንዱን አጣጥፎ ሔለንን አፍጥጦ ያያታል።

«ይህ ወረቀት» አለች ሰርካለም የሰጠኝን ገጽ አንስታ፣ «በሰዓት ቅደም ተከተል የተደረደረ ነው። ማሽኑ ውስጥ ያለው ግን እንደ አመጣጡ ነው የሚጻፍ፤ ኋላ የመጣ ከፊት አይገባም። እኔ እሱን ነው ያነበብሁት። መብራት ጠፋ፤ ባትሪው ተፈትቶ ስለነበር ማሽኑም አብሮ ጠፋ። መብራቱ ሲመለስ እንደገና ተነሳ። የሔለን ስም የተጻፈው ከዚያ በኋላ ነው።»

«ሰዓቱ እኮ እኩለ ቀን ይላል» አለ ሰጠኝ።

«ይላል። ከስሟ በላይ ሌላ መስመር አለ፦ ሰዓቱ ወደ ኋላ ተመለሰ ይላል። ከስሟ በታችም ወደ ፊት ተገፋ ይላል። ሰዓቱ በተነካ ቁጥር እዚያው ይመዘገባል። የሔለን ስም በእውነት ሲገባ ሔለን ገንዳ ውሃ መንገድ ላይ ነበረች።»

ሙኽታር በረጅሙ ተነፈሱ። «ታዲያ ማን ነው?»

«ሰዓቱን ለመንካት የማሽኑ ዋና የይለፍ ቃል ያስፈልጋል። ስሜነህ ያውቀዋል፤ ሌላ ማን ያውቃል?»

«እኔስ የመድኃኒቴን እንጂ አላውቅም። እሱ ሲታመም ማሽኑን የሚያስነሳው አቶ ሰጠኝ ነው።»

«ገዳዩ ሰዓቱን ወደ ቦታው ሲመልስ ከስልኩ አይቶ ሞላው። ማሽኑ አሁንም በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል፤ በሱዳን ሰዓት ነው የሚሄደው። አቶ ሰጠኝ፣ ትናንት ስልክዎ የት አገር ዋለ?»

ሰጠኝ እጁን ስልኩ ወዳለበት ኪስ ሰደደ።

«ስሜነህ ያቺን ክፍት የቀረች የሔለንን መስመር ሲያስተካክል ሌላም ነገር አገኘ» ቀጠለች። «የደረበ ውጤት የገባው ከእርስዎ ስክሪን ነው።»

«ያን ዕለት ወረፋው በዝቶብኝ ነበር» አለ ሰጠኝ። «ደሙን ሳላየው በሔለን ስም ጻፍሁ። ስሜነህን ለመንሁት… ‹አንተ ሰው፣ ወይ ራስህ ተናገር ወይ እኔ እናገራለሁ› አለኝ። መፍቻው ደግሞ እጄ ላይ ነበር። ኋላ አደጋ እንዲመስል ባትሪውን ፈትቼ አወረድሁበት።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡ ሔለን ቀስ ብላ ጠየቀች። «ያቺ በስሜ የገባችው መስመርስ ትሰረዛለች?»

«አትሰረዝም። የተሰረዘበት መዝገብ ማንንም አያድንም። ማን እንደገባባት ከጎኗ ይጻፋል።»

አዛናው ያጣጠፈውን ክንዱን ፈታ። ተነሣ፤ ሔለን ፊት ደርሶ ቆመ። እሷ ሸሸት አለች። እሱ ግን ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘ።

«እቴ፣ አላወቅሁም፤ ለሰው ሁሉ በክፉ ሳነሳሽ ከርሜያለሁ» አላት። «የስሜነህ ቤቱ በየት በኩል ነው? ለቅሶ ልድረሰው።»

«ሩቅ ነው፣ ላሳይህ» አለችው፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰችና አብረው ወጡ።