አሥራ አራቱ መርፌዎች

እስከዳር ደሴ ከተማ ፒያሳ ወዳለው ካፌ ስትገባ ሞላልኝ በሩን እያየ ተቀምጧል። የስለላ አለቃዋ ነው። የምስጢር ስሙ «ወፍጮ»።

«ሳምሪ» አላት። የጦር ሬዲዮ የሚጠገንበት የኮምቦልቻ ወርክሾፕ የሚያውቃት በዚህ ስም ነው። ቴክኒሽያን መስላ ከገባች አምስት ወሯ። ዘመኑ ፲፱፻፺፩ ነው፤ ሰሜን ላይ ጦርነት አለ።

«አገኘሽ?»

ከክብሪት ቀፎ ሁለት የመፈተሻ መርፌ አወጣች። ስፕሪንግ አላቸው፤ ሬዲዮው ሲፈተሽ ጫፋቸው ሰሌዳውን ተጭኖ ይነካል።

«ጫፋቸው ቫርኒሽ ተቀብቷል። ስስ ስለሆነ አይታይም። ግን መርፌው ሰሌዳውን የሚነካበት ቦታ ላይ ኤሌክትሪኩን ያንቀዋል። መለኪያው ሃያ ኦም ያነባል። በአልኮል ስጠርገው ከአንድ በታች ወረደ። ደህናውን ሬዲዮ ‹የተቃጠለ› ብለው በቢስቲማ ከተማ በኩል ይሸጡታል።»

ወንድሟ ምንይሉ ምሽግ ውስጥ የቀረው ‹አፈግፍጉ› የሚለው ትእዛዝ ስላልደረሰው ነው። ሬዲዮ አልነበራቸውም። ይህን ግዳጅ ለምና ነው የወሰደችው።

«የቀሩትን አሥራ አራቱንስ ጠረግሻቸው?»

ስንት እንደተቀቡ አልነገረችውም።

«አልነካኋቸውም» አለች።

«ጥሩ። ሰኞ ጠዋት ገራዶ መውጫ ላይ መኪና ይጠብቅሻል።»

ቁጥሩን ያወቀው የሻጮቹ አለቃ እሱ ስለሆነ ነው፤ መኪናው የሚጠብቃት ሊገድሏት እንደሆነ ገባት። እሺ ብላ ወጣች።

እሑድ ወርክሾፑ ዝግ ነው። የዕቃ ቤት ሠራተኛዋን ሸሪፋን ቁልፍ ለመነቻት።

«ወላሂ፣ ለምን እንደሆነ አልጠይቅሽም» አለች ሸሪፋ።

እስከዳር አሥራ አራቱን መርፌ አንድ በአንድ ጠረገች። ሬዲዮዎቹን እንደገና ፈተሸች። ደህናዎቹን ወደ ግንባር በሚሄደው ሣጥን ከተተች። ወደ ቢስቲማ የሚሄደውን የሞላልኝን ሣጥን በእውነት በተቃጠሉት ሞላችው።

ሰኞ ገራዶ አልሄደችም።

ማክሰኞ ገዢዎቹ ቢስቲማ ላይ ሣጥኑን ከፈቱ። አንዱም ሬዲዮ ድምፅ አልሰጠም። ሞላልኝን እዚያው በጥይት ገደሉት። ወሬውን መናኸሪያ ሰማች፤ አንጀቷ ራሰ።

ቀጥሎ ሌላውን ሰማች። ሰኞ የሞላልኝ ሰዎች ሳምሪን ፍለጋ ሸሪፋ ቤት ገብተው ነበር። ደብድበው ገደሏት። ሸሪፋ ግን ሳምሪ የት እንዳለች አልተናገረችም።

እስከዳር ለቅሶ ቤት ገብታ ከሴቶቹ ኋላ ተቀመጠች። የሸሪፋ እናት መርየም አዩዋት።

«የኔ ልጅ፣ ከየት ነሽ?»

«መንገደኛ ነኝ እማማ። ለቅሶ ሰምቼ ነው። አላህ ይዘንላት።»

«አሚን። እንግዳ እንኳ ደረሰ» አሉ መርየም። «ያቺ ሳምሪ የምትላት ጓደኛዋ ብቻ ናት ሳትመጣ የቀረች።»

እስከዳር ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ሳብ አድርጋ ወጣች። የመጀመሪያውን አውቶቡስ ተሳፈረች። ረዳቱ ለተሳፋሪ መዝገብ ስም ሲጠይቃት፣ ሌላ ስም ነገረችው።