ውሃ የማይፈራው ካሜራ

ሱሀይላ ካሜራውን ከባልዲው ስታወጣው ሌንሱ ከውስጥ በኩል ጉም ለብሷል። ክው ብላ ቀረች።

«ውሃ አይፈራም አላልሽም?» አለች ናስራ፣ ጅግጅጋ የተወለደችው የክፍል ጓደኛዋ፣ አጠገቧ ቁጢጥ እንዳለች።

እውነትም አይፈራም። ግን የባትሪው ክዳን ሁለት መቆለፊያ አለው፤ ሱሀይላ በጥድፊያ የቆለፈችው አንዱን ብቻ ነው። ካሜራው ደግሞ ገና የሷ አይደለም፤ ከሱቅ ለሙከራ ያመጣችው ነው። ወይ ጣጣ!

ነገሩ የመጣው በወንድሟ በታጁ ነው። ታጁ በርበራ ላይ በአሳ ጀልባ ይሠራል። የሐርጌሳ ሆቴሎች አሳ የሚያዙት ፎቶ አይተው ነው፤ የሚተነፍስበት ስንጥቡ ቀይ፣ ዓይኑ ጥርት ያለ ካልሆነ ዞር ብለውም አያዩትም። ጀልባ ላይ ፎቶ ሲያነሳ ሁለት ስልክ ባሕር በልቶበታል። ስለዚህ ስድስት ወር ያጠራቀመውን ላከላትና ውሃ የሚችል ካሜራ ምረጪልኝ፣ እንዳንቺ የሚያውቅበት የለም አላት። ኩራቷ ለጉድ ነበር።

መምረጡንስ አሳምራ መርጣለች። እዚያው ሐርጌሳ፣ ኮድቡር ሰፈር ያለው ባለሱቅ ሀይቤ ሁለት ካሜራ አቀረበላት። አንዱ ቀጭን፣ ብርማ፣ ሩቁን የሚያቀርብ። ሱሀይላ ሠርግ ቤት አንገቷ ላይ አንጠልጥላው ታያት፤ ምራቋን ዋጠች። ነገር ግን ሲከፈት ሌንሱ ወደ ውጭ ይወጣል፤ አሸዋና ጨው በአንድ ሳምንት ይጨርሱታል። ሌላው ወፍራም ነው፣ ጎማ የለበሰ። ሌንሱ ከአካሉ አይወጣም፣ ቁልፎቹ በረጠበ እጅ ይነካሉ፣ የአሳ ስንጥብ ከጣት ርቀት ላይ ጥርት አድርጎ ያነሳል። ባሕር የሚወርደው ታጁ ነው፣ እኔ አይደለሁም ብላ ወፍራሙን አነሳች።

ድሬዳዋ ያደገው ሀይቤ ገንዘብም አልተቀበላት። ወስደሽ ሞክሪው፣ ካልተመቸሽ ከሰዓት በኋላ ካለው የዐስር ሶላት በፊት መልሺው አላት። እናቷ ዓኒሳ ከሱቁ ጎን ልብስ ስትሰፋ ስንት ዓመቷ፤ አንድ ቀን ቃሏን አጥፋ አታውቅም። ለሷ ልጅ ዋስ አይጠራም።

ናስራ ካሜራውን በጨርቅ አባብሳ ፀሐይ ላይ አሰጣችው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጉሙ ጠፋ። አስነሱት፤ ሠራ። ቢበላሽ ኖሮ ምርጫም አይኖርም ነበር፤ መሥራቱ ነው የከፋው። ውስጡ የገባው ውሃ ውሎ አድሮ እንደሚገድለው ሱሀይላ ታውቃለች።

«አልተመቸኝም በይና የዚሁኑ ዓይነት ሌላ ውሰጂ» አለች ናስራ። «ወላሂ ማንም አያውቅም።»

ሱሀይላ ሱቁ ሄደች። ይሄ አልተመቸኝም፣ የዚሁኑ ዓይነት ሌላ ይስጡኝ አለች። ሀይቤ ከፍቶ እንኳን አላየውም፤ በእጅጌው ጠረግ አድርጎ መስታወት ሣጥኑ ውስጥ መለሰውና ከመደርደሪያው ያልተከፈተ ካርቶን አወረደላት።

«ችግር የለም አቦ» አለ። «ይሄን ለጎረቤቴ ልጅ እሰጠዋለሁ። ነገ በርበራ ጀልባ ላይ ይወጣል።»

ካርቶኑ እጇ ገብቷል። መውጣት ብቻ ነበር የቀራት። እግሯ ግን እምቢ አለ። ያን ልጅ አታውቀውም፤ ታጁን ግን ታውቀዋለች፣ ጨው የፈነካከተውን እጁን ታውቀዋለች።

«አዴር» አለች። እዚያ ሰፈር ልጆች አጎት ለሚሆናቸው ሰው እንዲህ ይላሉ። «እሱን ለማንም አይስጡት። ክዳኑን ሳልቆልፍ ባልዲ ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ። ውሃ ገብቶበታል። ታጁ የላከው ገንዘብ የሱ ዋጋ ይሁን።» ካርቶኑን ባንኮኒው ላይ መልሳ አስቀመጠችው።

ሀይቤ ውሃ የገባበትን ካሜራ ከመስታወት ሣጥኑ አወጣ፣ ክዳኑን ከፍቶ አሸተተው፣ ከዚያ ፊቷ አስቀመጠው።

«ወንድምሽስ?» አለ ቀስ ብሎ።

እሱን ነበር የፈራችው። ስልኳን አውጥታ የታጁን ቁጥር ነካች። ከወዲያ በኩል የሞተር ድምፅ መጣ፣ ከዚያ የሱ ሳቅ፣ ገዛሽው እንዴ የሚል ጉጉት።

«ገዝቼዋለሁ» አለች፣ ዓይኖቿ እየሞሉ። «ቁጭ በልና እንዴት እንዳበላሸሁት ልንገርህ።»