እርማት የነፈጋት ፍቅር

ዕዝራ ሰው ማረም ያውቅበት ነበር፤ ጣቢታን እስኪወድ ድረስ።

ቡራዩ ውስጥ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች በሚማሩበት ማዕከል የአስተማሪዎቹ አለቃ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ጥግ ይዞ ጀማሪዎቹ ከልጆቹ ጋር ሲሠሩ ያያል፤ በቅጽ ላይ ይጽፋል፤ ከዚያ አስቀምጦ ጥፋታቸውን ይነግራቸዋል። ሌሎቹ ዓይናቸው ቀልቶ ሲወጡ ጣቢታ እየሳቀች ትወጣለች።

«እሺ፣ ዛሬስ ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። ጎበዝ ነሽ።»

«የእውነትህን ነው?»

«የእውነቴን።» ዓይን ለዓይን ይጋጠማሉ፤ ቀድማ የምታቀረቅረው እሷ ናት።

በሦስተኛው ወር ሰበታ ወዳለው የአባቷ ቤት ሽማግሌ ሊልክ ተስማሙ። አለቃም እጮኛም መሆን በሙያው ነውር ነው፤ ሌላ ሰው ይከታተላት ማለት ነበረበት። አላለም። እሷን የሚያይባትን ሐሙስ ለማን ይስጥ?

ጣቢታ የምታስተምራት ያኔት ስድስት ዓመቷ ነው፤ አትናገርም። ስልክ ስትፈልግ የገዛ እጇን ትነክሳለች። አንድ ሐሙስ ነከሰች፤ ጣቢታም አንጀቷ አልችል ብሎ ስልኩን ሰጠቻት።

ንክሻው ስልክ ካመጣላት ነገም እንደምትነክስ ዕዝራ ያውቃል። በምልክት መጠየቅን ነበር ማስተማር። «ስትነክስ ስልክ ሰጠች» ብሎ ጻፈ። ቀና ሲል ጣቢታ ፈገግ አለችለት። ሰረዘና «በጣም ጥሩ» አለበት። ፍቅር ያሳውራል ይላሉ፤ የእሱ ዓይን እንኳ አይቷል፣ አፉ ነው የተለጎመው። ስድስት ሐሙስ እንዲሁ አለፈ።

በሰባተኛው ሳምንት እናቷ ደስታነሽ ያኔትን እጇ በፋሻ ተጠቅልሎ አመጣቻት። ቁስሉ አመርቅዞ ሐኪም ቤት ከርመዋል።

«ኦቦ ዕዝራ፣ ንግግር ታስተምሩልኛላችሁ ብዬ ሰጠኋችሁ፤ ንክሻ አስተምራችሁ መለሳችሁልኝ!» ልጇን ይዛ ወጣች፤ አልተመለሰችም።

ጣቢታ ቅጾቿን ከመደርደሪያ አወረደች። ስርዙን ወደ መስኮቱ አዙራ አነበበችው። ቅጹን ዕዝራ ፊት አኖረችው።

«አይተሃል።»

«አይቻለሁ። እንዳይከፋሽ ብዬ ነው፣ ጣቢዬ። ፊትሽ ሲጠቁር ማየት አልቻልኩም።»

«የእኔ ፊት እንዳይጠቁር የልጅቷ እጅ ይበላ? ሌሎቹን አስለቅሰህ ሙያ አስያዝካቸው። እኔን ግን ‹ጎበዝ፣ ጎበዝ› እያልክ እንደ ሕፃን አጨበጨብክልኝ። ይሄ መውደድ አይደለም፤ ንቀት ነው።»

«እወድሻለሁ እኮ!»

«ሽማግሌዎቹን አስቀራቸው።»

ጣቢታ ሰበታ ውስጥ ሌላ ማዕከል ገባች። አለቃዋ ሰብለወርቅ ኃይለኛ ናት ተባለ። በዓመቱ ዕዝራ አላስችል ቢለው ሄዶ ከሥራ ስትወጣ ጠበቃት። ከስታለች፤ አረማመዷ ግን የሌላ ሰው ሆኗል።

«ሰብለወርቅ ታስለቅስሻለች አሉኝ» አላት።

«በየሳምንቱ» አለች። «ትናንት ግን ልጅ ሰጠችኝ፤ አስተምሪልኝ ብላ። የገዛ ልጇን።»

«ደህና ሁን» ብላው ወደ ታክሲው ሄደች። ዓይኗ ውስጥ ቁጣ ቢያይ ተስፋ ያደርግ ነበር፤ እሱም አልነበረም።