ሚጡ ያደረችበት ቦታ

ወይዘሮ አማከለች አልጋቸው ላይ ሞተው ሲገኙ ትንሿ ውሻቸው ሚጡ እግራቸው ሥር ተኝታ ነበር። መስኮቱ ተዘግቷል። ወለሉ ላይ ያለው የከሰል ምድጃ አመድ ብቻ ቀርቶታል። ጊዜው ኅዳር 1988 ነው፤ ላፍቶ ገና እርሻ የሚበዛባት፣ ብርዷ አጥንት የሚገባ ሰፈር ነበረች።

እንግዳ የተባለው መርማሪ ፖሊስ ሲደርስ ጎረቤቱ ፈርዶ ጨርሷል። የቤት ሠራተኛዋ ገዲሴ አጥሩ ሥር ተቀምጣለች፣ አንድ ፖሊስ ቆሞባታል። ዕድሩ ድንኳን እየተከለ ነው።

«ምኑ ይመረመራል?» አለ ክብረት፣ የሟቿ ባል የወንድም ልጅ። ከማድ ቤቱ ኋላ ባለችው ሰርቪስ ይኖራል። «ውሻ አጠበች፣ ለማድረቅ ከሰል አስገባች፣ ረስታው ተኛች። በጾም ሥጋ የሚቀቀልላት ውሻ! ሌሊቱን ሙሉ ስታላዝንብኝ አደረች።»

«ቤቱ ላንተ ይደርሳል አሉ።»

«ይደርስ ይሆናል። ሬሳ ሳይወጣ ነው ይህን የሚጠይቁኝ?»

እንግዳ ወደ ገዲሴ ሄዶ ቁጢጥ አለ። «ንገሪኝ፣ ልጄ።»

«አጥቤአታለሁ ጌታዬ። ጠጉሯ ረጅም ነው፣ እርጥቧን ካደረች ደረቷን ያማታል። በረንዳው ላይ ምድጃው አጠገብ አድርቄ፣ ቋጠሮዋን ሁሉ ፈትቼ አበጠርኳት። እትዬ እግር ሥር አስተኛሁና ዕቃ ቤት ገብቼ ተኛሁ። ምድጃው ግን በረንዳ ነው የቀረው።»

«ከነፍሙ?»

«ከነፍሙ። ማን ያምነኛል? ከወሰዳችሁኝ አልመለስም። እናቴ ልጅሽ ያሳደገቻትን ሰው ገደለች ሲሏት ትሞታለች።»

«ክፍሉ ውስጥ የጸበል ጠርሙስ አይቻለሁ። ማታ ነበር?»

«አልነበረም። ጸበል ሲገባማ ሚጡ ትወጣለች። እህታቸው እትዬ ጸሐይወርቅ በመጡ ቁጥር ጠባቸው በዚሁ ነው።»

እንግዳ መኝታ ክፍሉ ገባ። የሟቿ ፊት በከሰል ጭስ እንደታፈነ ሰው ቀልቷል። ሚጡን ሲያነሳት እጁ ላይ ተንቀጠቀጠች። ሆዷ ጤዛ እንደነካው ቀዝቅዟል፤ ነጩ ጠጉሯ ጨጎጎት ይዟል። አንድ በአንድ እየነቀለ ጓሮውን ዞረ። ጨጎጎቱ የበቀለው ከማድ ቤቱ ኋላ፣ በክብረት ግድግዳ ሥር ብቻ ነው። ገመዱ ላይ ደግሞ አንዲት ነጠላ ታጥባ ታንጠባጥባለች።

የሟቿ ታላቅ እህት ወይዘሮ ጸሐይወርቅ እህታቸው ታመው ስለነበር ዋዜማውን ከሀና ማርያም መጥተው ሳሎን ነው ያደሩት።

«ውሻዋ የት አደረች?» አላቸው እንግዳ።

«እዚያው እግሯ ሥር። እኔ እንኳ ውሻ ነክቼ አላውቅም፣ ቤተ ክርስቲያን እሳለማለሁ።»

ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰባቸው። ገዲሴ በፖሊስ ተይዛ ገባች።

«የከሰል ጭስ ሰው ከመግደሉ በፊት ይህችን የምታህል ፍጥረት ይገድላል» አለ እንግዳ። «ከምድጃው ጋር ተዘግቶባት ብታድር ኖሮ ሁለት ሬሳ ነበር የምናገኘው።»

«ታዲያ ጋኔን ናት?» አለ ክብረት።

«ውጭ ነው ያደረችው። ያላዘነችው አንተ ግድግዳ ሥር ነው። ተበጥራ የተኛች ውሻ ጨጎጎት ለብሳ የተገኘችውም ለዚህ ነው።»

«ገዲሴ ናታ ያወጣቻት።»

«ከሰሉ ውሻ ለማድረቅ ገባ ብለኸኝ ነበር። ውሻዋ ከወጣች ከሰሉ ለማን ነው?»

እንግዳ መልስ ሳይጠብቅ ቀጠለ።

«ለታመመችው ነው። ሚጡም የወጣችው ጸበል ስለገባ ነው። ጸበሉን ያስገባው ሰው ፍሙንም አስገባ። ጠዋት በሩን ሲከፍት ሞታ አገኛት። ውሻዋ ውጭ ከተገኘች ማን አወጣት ይባላል፤ ስለዚህ መመለስ ነበረባት። ውሻ በእጁ የማይነካ ሰው ደግሞ በልብስ ጠቅልሎ ነው የሚይዛት። ወይዘሮ ጸሐይወርቅ፣ እህት በሞተችበት ጠዋት ነጠላ ማን ያጥባል? ጠርዙ ላይ ጨጎጎቱ አለ። በውኃ አይለቅም።»

ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ለመካድ አልሞከሩም።

«በረደኝ አለችኝ» አሉ። «ጥርሷ ሲንገጫገጭ ሳሎን ድረስ ይሰማኝ ነበር። ፍሙ በረንዳ ላይ ከሚባክን ብዬ አስገባሁላት። ትንሽ ሞቅ ሲላት ላወጣው ነበር፣ እንቅልፍ ጣለኝ። ጠዋት... እህቷን ገደለች ከምባል...» ገዲሴን ማየት አቃታቸው።

ፖሊሱ የገዲሴን ክንድ ለቀቀ። እሷ ግን ካለችበት አልተንቀሳቀሰችም።

«ገዲሴ» አሉ ወይዘሮ ጸሐይወርቅ፣ «ውሻዋ እዚያው ብትቀርስ? ያው ትሞት ነበር፣ አይደል? ያው ሁለቱም ይሞቱ ነበር በይኝ።»

ክብረት በዓይኑ ምልክት ሰጣት፤ አዎ በይ ማለቱ ነበር። ገዲሴ አላየችውም።

«መጀመሪያ በሩን ትቧጭር ነበር፣ እትዬ» አለች ቀስ ብላ። «ጭስ አትወድም። ሳሎን ስላሉ እርስዎ ይሰሟት ነበር።»

ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ካሉበት መሬት ላይ ተቀመጡ። ማንም አላነሳቸውም።